በስልክ ስለሚሰማው ሬዲዮ፤ ለዕቃ አስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ማሳሰቢያ

በሮቤና በጎባ የሚኖር ማናቸውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ ቀድሞ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረው ሬዲዮ ዛሬ ቦታውን ለተንቀሳቃሽ ስልክ ለቋል። ዜናው፣ ዘፈኑ፣ መንዙማውና መዝሙሩ፣ የእግር ኳሱም ጨዋታ ከመዳፍ ከማይበልጥ ዕቃ ውስጥ ይወጣል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ባለሱቆች ስለ ሠራተኞቻቸው ሲያማርሩ ይሰማል። ልጁ ዐይኑን ከስልኩ አይነቅልም፤ ደንበኛ ገብቶ ሲቆም እንኳ ቪዲዮው እስኪያልቅ ያስጠብቀዋል ይላሉ። አቤቱታው እውነት ነው፤ ነገር ግን መፍትሔው በባለሱቁ እጅ ስለሆነ፣ ይልቁንም ባለሱቁ ራሱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ያንኑ ሲመለከት የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፣ ብዙ ቀለም የሚያስፈጅ ጉዳይ አይመስለኝም። እኔ በዛሬው ጽሑፌ ለማሳሰብ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ለባሌ ደጋ ሕዝብ የምናስመጣለትና የምንሸጥለት ስልክ ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ ስንሸጥለትም የምንነግረው ቃል እውነት መሆን አለመሆኑ ነው።

ክቡራን አንባቢያን፣ አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። ሬዲዮ በስልክ የሚሰማበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስልኩ በውስጡ ባለው የኤፍ ኤም መቀበያ አማካይነት የአየሩን ሞገድ በቀጥታ ሲቀበል ነው። በዚህ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ እንደ አንቴና ሆኖ ያገለግላል፤ የኢንተርኔት መስመር አያስፈልግም፤ ካርድ መሙላትም የለም፤ አድማጩ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ሁለተኛው፣ ጣቢያው ድምፁን በኢንተርኔት ሲልክና ስልኩ እየተቀበለ ሲያሰማ ነው። ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለኪስ ግን የተለያዩ ናቸው። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሆኖ የሚላክ ድምፅ በአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በ128 ኪሎቢት የሚላክ ከሆነ ወደ 58 ሜጋባይት ይጠጋል። እንግዲህ በቀን 4 ሰዓት ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው፣ በዝቅተኛው መጠን እንኳ ቢሆን፣ በ30 ቀን 3.5 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። አንድ ጋሪ ነጂ ወይም አንድ ገበሬ በወር ይህን ያህል ጥቅል ይግዛ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ቪዲዮ ከሆነማ ወጪው ሌላ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሚወስድ መካከለኛ ሥዕል በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል፤ ይህም በዝቅተኛው መጠን ሲሰላ ከ15 ሰዓት በላይ ሬዲዮ ያሰማል ማለት ነው። በዚህ ላይ የቪዲዮ ማጫወቻው የራሱ ጠባይ አለው። ሥዕሉን በጥቂት ሰከንድ እየከፋፈለ ይቀበላል፤ መስመሩ መልካም መሆኑን ባየ ጊዜ ባለቤቱን ሳያማክር ጥራቱን ከፍ ያደርጋል፤ ጥራቱ ከፍ ሲል ፍጆታውም ከፍ ይላል። ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማሰር በብዙ ማጫወቻዎች ውስጥ የሚቻል ሆኖ ሳለ፣ ስልክ ሲሸጥ ይህን ለገዢው የሚያሳይ ባለሱቅ ከስንት አንድ ነው።

ይህን ስል ቪዲዮን ለመንቀፍ እንዳልሆነ ላስታውቅ እወዳለሁ። በአንድ የእኽልና የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቀድሞ የአዲስ አበባ ገዢ የሲናናን ስንዴ መግዛት ሲፈልግ ናሙናው በጨርቅ ከረጢት ታስሮ፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርስለት ነበር። መልሱ እስኪመጣ ሦስትና አራት ቀን ያልፋል፤ በዚያ መካከል ዋጋው ይለወጣል። ዛሬ ግን ጆንያው ተፈትቶ፣ እኽሉ በመዳፍ ላይ ፈስሶ በፀሐይ ብርሃን የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላካል። ገዢውም «እስቲ ከሥር ያለውን ጆንያ ክፈቱልኝ» ይላል፤ ይከፈትለታል። በእርግጥ ቪዲዮ እርጥበትን አይለካም፤ ነቀዝንም ሁልጊዜ አያሳይም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ውል ያለ ናሙና መፈራረም አይገባም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ድርድር ያፋጥናል፤ ከሐረና ጫካ ለሚወጣው ቡናና ለማሩም እንደዚሁ ነው።

በአጨዳ ወራት ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። ከሮቤ እስከ ጋሰራና አጋርፋ፣ በጎሮ በኩል እስከ ጊኒር ባለው የስንዴ አገር አንድ ኮምባይነር ለአንድ ቀን ቆመ ማለት፣ በደረሰ አዝመራ ላይ ዝናብ ቢመጣ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ቀድሞ አንድ ኩሽኔታ ሲሰበር የዕቃውን ቁጥር በስልክ እየጮኽን ስንናገር፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሻጭ ቁጥሩን አሳስቶ ጽፎ የማይሆን ዕቃ ይልክ ነበር፤ መልሶ ለመለወጥም ሌላ ሦስት ቀን ይጠፋል። አሁን መካኒኩ ከማሳው መካከል ሆኖ የተሰበረውን ክፍል በቪዲዮ ያሳያል፤ ሻጩም ከመደርደሪያው የራሱን አንሥቶ ጎን ለጎን ያመሳክራል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠፋውን ዳታ ከኪሣራ የሚቆጥር ነጋዴ አላየሁም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 ከመቶ ሲቀንስ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ያገኘውን ጥቅም አንረሳውም። ከዚያም በኋላ የአራተኛው ትውልድ መስመር ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ሲስፋፋ፣ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ ሲከፍት፣ ተወዳዳሪ መምጣቱ ለደንበኛው የሚበጅ መሆኑን ብዙዎቻችን ተነጋግረንበታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው መስመሩ ሲኖር ነው። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ በቪዲዮ ዕቃ ማሳየት፣ በቴሌግራም ዋጋ መጠያየቅ ሁሉ ቆመ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አምስት ወር ያህል ተዘግተው ቆይተው፣ የቻለ ሁሉ ቪፒኤን በሚሉት ማለፊያ እየገባ ሲሠራ፣ ያልቻለው ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። መንግሥት የሚዘጋበትን ምክንያት ለመመርመር ይህ ጋዜጣ ቦታው አይደለም፤ እኔ የምለው እንዲህ ያለ ጊዜ መጥቶ እንደሚያውቅና ነጋዴም በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባው እንደሚገባ ነው። ከዚህ ሌላ የመብራት መጥፋት አለ። (153 ሜጋዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና ከእኛ ብዙ ሳይርቅ እየሠራ መብራት ሲጠፋ የሚሰማን ስሜት ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው።) የአገራችንም አቀማመጥ ይታወቃል። በቱሉ ዲምቱ አናት፣ በ4,377 ሜትር ከፍታ ላይ የመገናኛ ምሰሶ ቢቆምም፣ ተራራ ጀርባ ያለ ሸለቆ ሸለቆ ነው፤ ከጎባ ተነሥቶ ሳነቲን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ ነጋዴ፣ የጀመረው ቪዲዮ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደሚሽከረከር ይመሰክራል። ብርዱም የስልኩን ባትሪ ቶሎ ያደክመዋል።

እንግዲህ መስመር ሲጠፋ የሚቀረው የአየር ሞገድ ሬዲዮ ነው። የማሳሰቢያዬም መነሻ ይህ ነው።

ሞባይል ስልክ በአገራችን በ1991 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ገበያው ሲሰፋ በየገጠሩ የተሠራጩት ባለ ቁልፍ ስልኮች አብዛኞቹ የእጅ መብራትና የኤፍ ኤም ሬዲዮ ነበራቸው። ገበሬው እነዚህን ሁለት ነገሮች ከስልኩ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ለመደ። በኋላ ባለ ሰፊ መስታወት ስልክ ሲመጣ፣ የካሜራው ቁጥር እያደገ፣ መስታወቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ በብዙ ሞዴሎች ላይ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ጠፋ፤ የኤፍ ኤም መቀበያውም አብሮ ቀረ። የሚያስገርመው፣ በርካሾቹ ስልኮች ላይ ሬዲዮው ተርፎ በውዶቹ ላይ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ስንዴውን ሸጦ ከቀድሞው የተሻለ ስልክ ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሬዲዮውን አስረክቦ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህንንም የሚነግረው የለም።

ይህን የምለው ካየሁት ተነሥቼ ነው። ስሙን ከማልጠራው አንድ ሱቅ ውስጥ ጉዳይ ኖሮኝ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ስልክ መርጠው ዋጋውን ከተስማሙ በኋላ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ሬዲዮ አለው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሻጩም «አባባ፣ የዓለሙ ሬዲዮ ሁሉ አለው» ብሎ አንድ ጣቢያ ከፍቶ አሰማቸው። ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ከፍለው ሄዱ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ተመልሰው መጥተው፣ ካርድ በሞሉ ቁጥር ገንዘቡ የት እንደሚገባ እንደማያውቁ፣ ለልጃቸው መደወል እንኳ እንዳቃታቸው በቁጣ ይናገሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሻጩ ያሰማቸው ሬዲዮ በኢንተርኔት የሚመጣው ሁለተኛው ዐይነት ነበር፤ ጥቅል ሳይገዙ ከዋናው ሒሳብ እየተቆረጠባቸው ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጡ ከረሙ። ሻጩ ውሸት አልተናገርኩም ሊል ይችላል፤ ቃሉ ለቃል ሲመዘን ምናልባት አልዋሸም። ቢሆንም ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄና እርሱ የሰጠው መልስ የተለያዩ መሆናቸውን ልቡ ያውቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም እኔ አዋጁን የምጠቅሰው ባለሱቅን ለማስፈራራት አይደለም። እኒያ ሽማግሌ በመንደራቸው ስንት ጆሮ እንዳላቸው፣ በሚቀጥለው አጨዳ ከዚያ መንደር የሚመጣው ገዢ ወደ የትኛው ሱቅ እንደሚገባ ለማሰብ አዋጅ አያስፈልግም።

የእኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ በሌላው ዓለም የሆነውን ልጥቀስ። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ሃርቪ፣ ኢርማና ማሪያ የተባሉት አውሎ ነፋሳት የአሜሪካን ጠረፍና ደሴቶቹን በመቱ ጊዜ፣ የስልክ ምሰሶዎች ወድቀው ሕዝቡ ከወሬ ተለይቶ ነበር። የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን ሊቀ መንበር አጂት ፓይ አፕል የተባለውን ኩባንያ በአይፎን ስልኮች ውስጥ ያለውን የኤፍ ኤም መቀበያ ሥራ እንዲያስጀምር በይፋ ጠየቁ። ኩባንያውም አይፎን 7 እና አይፎን 8 የኤፍ ኤም መቀበያም ሆነ ለዚሁ የሚሆን አንቴና የሌላቸው ስለሆነ ማስጀመር አይቻልም ሲል መለሰ። እንግዲህ ያን ያህል ሀብት ያለው አገር እንኳ ጉዳዩን ያስታወሰው ምሰሶው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ስልኩ አንድ ጊዜ ያለ መቀበያ ከተሠራ ደግሞ በኋላ የሚያበጀው አይገኝም። የሚበጀው ትእዛዙ ሲጻፍ ነው።

ዕቃ አስመጪዎች በበኩላቸው የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። የአዲስ አበባ ገዢ የሚጠይቀው ካሜራና ባትሪ ነው፤ ሬዲዮ የሚጠይቅ የለም ይላሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗልና፣ በስልክ ላይ ማናቸውም ተጨማሪ ነገር ዋጋ ያስወድዳል ይላሉ። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ መልሴም አዲስ አበባ አገሪቱ በሙሉ አይደለችም የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ደካማ ምክንያት ነው። በብዙ ስልኮች ውስጥ ለዋይፋይና ለብሉቱዝ የሚያገለግለው ክፍል የኤፍ ኤሙንም መቀበያ አብሮ ይዞ የሚሠራ ሲሆን፣ የጎደለው ፋብሪካው አገናኝቶ ፕሮግራሙን ሳይጭንለት መቅረቱ ነው። ደግሞስ ከርካሹ ስልክ ላይ ያልተነሣ ነገር ከመካከለኛው ላይ ዋጋ ያስወድዳል ማለት እንዴት ይሆናል? ቴክኖ የተባለው የስልክ ዐይነት ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአገራችን እየተገጣጠመ የተሸጠ በመሆኑ፣ የአገር ውስጥ ገዢ ፍላጎት በስልክ ሥራ ላይ ሊገባ እንደሚችል፣ የአማርኛ ፊደል በቁልፎቹ ላይ የታተመባቸውን ስልኮች ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሌላም የሚነሣ ቁም ነገር አለ። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ያግደዋል፤ እንግዲህ በሁሉም ስፍራ አይሰማም። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ባለሱቆቻችን መካከለኛና አጭር ሞገድ የሚይዘውን ተራ ሬዲዮ ጊዜው አልፎበታል ብለው ከመደርደሪያቸው ጨርሰው እንዳያወርዱት እመክራለሁ። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሠራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በአጭር ሞገድ ስንት ተራራ እየዘለለ ወደ ሩቅ አገር ይደርስ እንደ ነበር አረጋውያን ያስታውሳሉ። ስልክ ይህን ሞገድ አይቀበልም። በሐረና በኩልና በቆላው ለሚኖሩት ደንበኞች፣ በባትሪ ድንጋይ ወይም በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ሬዲዮ ከስልኩ ጎን ማቅረብ ለባለሱቁም ሁለት ሽያጭ ነው።

ስለ ዘፈንና ፊልም መጫኛ ቤቶችም በአጭሩ ላንሣ። በሮቤ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ዘፈን፣ ድራማና ፊልም እየጫኑ የሚተዳደሩ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። ዳታ ውድ በሆነበትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሺህ ጊዜ የሚሰማ ነገር መፈለጉ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፋኙንና የአሳታሚውን መብት የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ሕግን የሚነካ ነው። ወጣቶቹን አሳድዶ ሱቃቸውን ከማዘጋት፣ ከባለመብቶቹ ማኅበራት ጋር ተነጋግሮ በአነስተኛ ክፍያ ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። ይህን ለማስጀመር የንግድ ምክር ቤቱ የተሻለ አቅም አለው፤ አንድ መጫኛ ቤት ብቻውን አዲስ አበባ ወርዶ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስና፣ የምጠይቀው ነገር ከባድ እንዳልሆነ ላሳይ። ዕቃ አስመጪው የትእዛዙን ዝርዝር ሲጽፍ፣ ከካሜራውና ከባትሪው መጠን ቀጥሎ «የኤፍ ኤም መቀበያ ያለው፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው» የሚል አንድ መስመር ይጨምር፤ ቢያንስ ወደ ባሌ፣ ወደ አርሲና ወደ መሰል ደጋ አገሮች ለሚልከው ዕቃ ይህን ያድርግ። ጅምላ ሻጩ በየካርቶኑ ላይ አለው ወይም የለውም ብሎ ይጻፍ። ባለሱቁ ደግሞ አዲስ ሞዴል በመጣለት ቁጥር አንዱን ከፍቶ፣ ሲም ካርድ ሳያስገባ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ይሞክረው፤ ያለ ሲምና ያለ ዋይፋይ ጣቢያ ከተሰማ ሬዲዮ አለው፤ ካልተሰማ፣ ሌሎች ስልኮች በሚቀበሉበት ቦታ ላይ ደግሞ ሞክሮ ያረጋግጥ። ከዚህ በኋላ ውጤቱን በዋጋ መለጠፊያው ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ቢጽፈው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሬዲዮውን በኢንተርኔት ብቻ የሚያሰማ ከሆነም ለገዢው በግልጽ ይንገረው፤ ጥቅል እንዴት እንደሚገዛ፣ የቪዲዮውም ጥራት እንዴት ዝቅ እንደሚል እዚያው በእጁ ላይ ያሳየው። አሠሪዬ ስልክ የሚሸጡ ባይሆኑም፣ ይህን ሐሳብ ባነሣሁላቸው ጊዜ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ሞከሩትና ሬዲዮ እንደሌለው ያወቁት ያን ዕለት ነበር፤ ከገዙት ሁለት ዓመት አልፎታል።

በእኛ አገር ስልክ በብዛት የሚሸጠው የመኸሩ ስንዴ ወደ ገበያ በሚወጣበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ለዚያ ወራት የሚሆነው ዕቃ የሚታዘዘው ከወራት በፊት ስለሆነ፣ በሮቤና በጎባ ያላችሁ ባለሱቆች ደንበኞቻችሁ የሚጠይቋችሁን ሞዴልና ሬዲዮ ያለውን ከሌለው ለይታችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ለጅምላ ሻጮቻችሁ በጽሑፍ ብታስታውቁ ይደርሳል። ሁለቱ ከተሞች በ14 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ስለሆነ ዝርዝሩን በአንድነት አዘጋጅቶ መላክ ይቻላል። ለብቻው የሚጽፍ አንድ ሱቅ ከሚያገኘው መልስ፣ ሃያ ሱቅ በአንድ ላይ ፈርሞ የሚልከው ደብዳቤ ቶሎ ምላሽ ያገኛል፤ ደብዳቤውን ለመጻፍ ጸሐፊ የሚቸግረው ካለ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።